ዝናብ እየዘነበ የደረቀው ወንዝ

ጭቃ ሰው ይገድላል ሲሉኝ አላምንም ነበር። ጎርፍ ይገድላል፣ መብረቅ ይገድላል፣ ገደል ይገድላል። ጭቃ ግን የኛው ነው። ቤታችንን የመረግነው በጭቃ ነው፤ ልጆች ሆነን የተጫወትነው በጭቃ ነው። ሰባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ የገዛ ልጄ ከጭቃ ሽሽ ብትለኝ አሳቀችኝ።

የምኖረው ከዱራሜ ወጣ ብሎ ተራራው ሥር ነው። እስከ ትምህርት ቤቱ ባጃጅ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከመጽሐፍ ቅዱስና ከመዝሙር ደብተር ሌላም ብዙ አላነበብኩም። ስለዚህ አጻጻፌ ቢንሻፈፍ እለፉኝ። ቤታችን የምንነጋገረው በከምባትኛ ነው፤ የተባባልነውን እዚህ ላይ ወደ አማርኛ መልሼ ነው የጻፍኩት። የሴቶቹ ስድብ በከምባትኛ ይበልጥ ያምር ነበር። ምን ላድርግ።

የሰፈራችንን መሬት ሆዱን አውቀዋለሁ። እንሰት ተፍቆ፣ በኮባ ተጠቅልሎ፣ ጉድጓድ ውስጥ ከርሞ ነው ቆጮ የሚሆነው። ፍቂያው የሴት ሥራ ነው፤ ጉድጓዱን የሚቆፍረው ወንድ ነው። ከልጅነቴ ጀምሬ ስንት ጉድጓድ እንደቆፈርኩ እኔም አላውቅም። ከላይ እስከ ጉልበት ድረስ ጥቁር አፈር አለ። ከሥሩ አመድ የመሰለ ግራጫ ይመጣል፤ ብትጨብጠው ይፈርሳል። እሱ ውስጥ ቀዳዳ የበዛበት ነጭ ድንጋይ ይገኛል፤ ባልዲ ውሃ ውስጥ ብትጥለው ይንሳፈፋል፤ ሴቶቹ ተረከዛቸውን ይፈትጉበታል። ከዚያ በታች ቀይ ጭቃ ነው፤ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። እዚያ ስደርስ አቆማለሁ። ቀዩ ውሃ አያሳልፍም፤ ውሃ የተኛበት ጉድጓድ ደግሞ ቆጮ ያበሰብሳል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄ ምን እንደማውቅ አላወቅሁም።

ልጄ ሆሳዕና ጂኦግራፊ ታስተምራለች። ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ መጣችና፣ የምቆፍረው ጉድጓድ አፍ ላይ ቆማ ግድግዳውን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አባባ፣ ይሄ ተራራ እኮ ድሮ እሳት ነበር» አለችኝ።

«እኔም ድሮ እሳት ነበርኩ» አልኳት። እናቷ ከጓዳ ሳቀች።

ልጄ አልሳቀችም። ተቀምጣ፣ በጣቷ የጉድጓዱን ግድግዳ እያሳየች፣ እንደ ተማሪ አስረዳችኝ። ይህ ግራጫ ተራራው ነድዶ የተፋው አመድ ነው አለች። ነጩም ድንጋይ የዚያ እሳት አረፋ ነው። አመዱ ቀዩ ጭቃ ላይ እንዲሁ ተቀምጧል እንጂ አልተያያዘም። ዝናብ ሲበዛበት ውሃ ይጠጣና ይከብዳል፤ ውሃው ቀዩን ማለፍ ስለማይችል በሁለቱ መሃል ይሄዳል። ከዚያ አንድ ቀን ከላይ ያለው በሙሉ ይንሸራተታል። በሌላ አገር እሳቱ ገና ያልሞተ ተራራ አለ፤ ጫፉ ላይ ያለውን በረዶ ያቀልጥና አመዱን ይዞ ሰው ላይ ይወርዳል። የኛ ተራራ እሳቱ ከሞተ ቆይቷል።

«ታዲያ ከሞተ ምን ያስፈራሻል?»

«እሳቱ ነው የሞተው። አመዱ አለ። ዝናብም አለ። ተራራው ደግሞ ቀጥ ያለ ነው። ሌላ ምን ይፈልጋል?»

«ጭቃ ነው እኮ፣ ልጄ። እግሬን ነቅዬ እሄዳለሁ።»

«አባባ፣ ሰዎች ለግንባታ ሲሚንቶና ጠጠር ሲያቦኩ አይተሃል አይደል? እሱን ነው የሚመስለው። ባጃጅ የሚያህል ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ወንዙን ተከትሎ፤ ሰው ሮጦ አያመልጠውም።»

ከዚያ ሁለት ነገር እንድይዝ ነገረችኝ። ዝናብ እየዘነበ ወንዙ ከጎደለ፣ ላይ መሬት ወድቆ ገድቦታል ማለት ነው፤ ግድቡ ይፈርሳል፤ አትቁም አለችኝ። ስትሸሽም ወደ ታች በወንዙ አትሂድ፤ ወደ ጎን ዳገቱን ውጣ። አንዴ ካለፈም አለፈ አትበል፤ ተከታይ አለው። ይህ ሦስት ነው ብዬ ቆጠርኩባት። ተናደደች።

«ቆይ፣ ከላይ ግጦሹ ጋ ስንጥቅ አይተሃል?»

«አላየሁም» አልኳት።

ዋሸኋት። አይቻለሁ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ጊደሯ ከፍ ካለው ግጦሽ ላይ እግሯ ገባና ጮኸች። ስጎትታት ሣሩ እንደ ከንፈር ተከፍቷል። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ግጦሹን አቋርጦ ወደ ወንዙ ማዶ ይሄዳል። እበትና አፈር ሞላሁበት፣ በላዩ ኮባ አለበስኩት። በሳምንቱ ስመለስ እበቱ ወደ ውስጥ ወርዷል። ደግሜ ሞላሁት። ማንም ሰው አልነገርኩም። ብነግር ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ልጄ እናቷን ይዛ ትሄዳለች፣ እኔም ሆሳዕና በሰው ግቢ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ የባጃጅ ጡሩምባ ስሰማ እሞታለሁ። አባቴ የተከለው እንሰት እዚህ አለ። እኔ የተከልኩት አለ። ስንጥቅ ብሎ ነገር!

ልጄ ለነሐሴ ስብሰባ አለኝ ብላ ተመለሰች። ዝናቡ ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ አይቼ አላየሁም አልኩ። የምንቀዳው ምንጭ ነጣ፤ ወተት ጠብ ያለበት ይመስል። ሚስቴ «ውሃው ምን ሆነ?» አለች። «ዝናብ ነው» አልኩ። ከፍ ያለው ባሕር ዛፍ ወደ ታች አጎነበሰ። «ነፋስ ነው» አልኩ። ፍልፈል በጠራራ ቀን ከጉድጓዱ ወጥቶ መንገድ ላይ ሲንከላወስ አየሁ፤ አንድ አይደለም፣ አራት። ለዚህ የምለው አጣሁ።

መሳላ ደረሰ። መስቀልን የምናከብርበት ትልቁ በዓላችን ነው፤ ያለ ቡላ፣ ያለ እንሰቱ ነጭ ዱቄት፣ አይታሰብም። ሚስቴ የጎረቤት ሴቶችን ጠራች። ከራሷ ጋር አምስት ሆኑ። አንዲት ባሏ የሞተባት ቀልደኛ አለች፤ ሁለት አዲስ ያገቡ ልጆች አሉ፤ አንዲት ከኔ የምትበልጥ ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት አለች። ፍቂያው ቤቱ አጠገብ አልነበረም። የደረሰው እንሰት ያለው ታች ወንዙ ዳር ባለው ጎድጓዳ ቦታ ነው፤ እዚያው ጥለው እዚያው ይፍቁታል። ጠዋት ሳንቃቸውንና መፋቂያቸውን ይዘው ሲወርዱ አየኋቸው። «ዝናቡ ያባራ» ልል አሰብኩ። አላልኩም። ሚስቴ ለምን ብትለኝ ምን እመልስላታለሁ?

እኛ ዘንድ ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ አይጠጋም። አንድ እግራቸውን አንስተው የእንሰቱን ልጣጭ ሳንቃው ላይ ረግጠው ነው የሚፍቁት፤ ልብሳቸው ወደ ላይ ተሰብስቧል። ስለዚህ ነውር ነው። ወንድ ከረገጠው ቡላው ውሃ ይሆናል ደግሞ ይላሉ። በሕይወቴ አንድም ቀን አልገባሁም። አባቴም አልገባም። ሴቶቹ እዚያ ውስጥ እንደፈለጉ ይናገራሉ፣ እንደፈለጉ ይሳደባሉ፣ ባላቸውን ያማሉ፤ የነሱ ጊዜ ነው።

ከምሳ በፊት ቤቱ ጥግ ሥር ቆሜ ዝናቡን ሳይ አንድ ነገር ጎደለብኝ። ምን እንደሆነ ቶሎ አልገባኝም። ቆርቆሮው ይንጫጫል፣ ዝናቡ አለ። የወንዙ ድምፅ ነው የሌለው። ክረምቱን ሙሉ ሲያጓራ ነበር፤ ተኝተንም እንሰማዋለን። አሁን የለም።

ዱላዬን ይዤ ወረድኩ። የምንሻገርበት ግንድ ጋ ስደርስ ወንዙ የለም። ድንጋዮቹ ራቁታቸውን ወጥተዋል። በመሃላቸው ገመድ የምታህል ወፍራም ጭቃ ትሳባለች። ሽታ አለው፤ አዲስ የተቆፈረ ጉድጓድ ሽታ። እኔ ያን ሽታ እወደው ነበር።

ሴቶቹ ያሉት ከግንዱ ትንሽ ታች ነው። ሳቃቸው ይሰማኛል። እንሰቱ ዳር ደርሼ ቆምኩ። ሳልኩ።

«ማነው እዚያ የሚያስለው?» አለች ቀልደኛዋ።

«እኔ ነኝ!»

«እኔ የሚባል ሰው አናውቅም!»

ሳቁ። ከቅጠሉ ሌላ የሚታየኝ ነገር የለም። «ጋሼ፣ ቡላ አማረዎት እንዴ? ገና ጥሬ ነው፤ ሆድ ይነፋል!» አለችኝ ደግማ።

ሚስቴ ድምፄን አውቃለች። «አንተ ሰውዬ፣ ምን ፈልገህ ነው?»

በዚያ ሰዓት ስንጥቁን ልነግራት ይገባኝ ነበር። አፌ ግን ከዳኝ። ሁለት ወር ደብቄ፣ በጎረቤት ሴት ሁሉ ፊት፣ በእንሰት መሃል እየጮህኩ እንዴት ልናገረው? ሌላ ውሸት ፈለግሁ።

«ልጅሽ ደውላለች! ስልክ ላይ ናት፣ ነይ ውጪ!»

«ስልኩ እኮ እዚህ እኔ ጋ ነው» አለች ሚስቴ።

ያለን ስልክ አንድ ነው። ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። «ናፍቆት ነው!» አለች አንደኛዋ ልጅ። «ሃምሳ ዓመት አብሯት ኖሮ እስከ ማታ አልቻለም!» ቀልደኛዋ ቀጠለች፤ እዚህ የማይጻፍ ነገር ተናገረች።

«ወንዙ ደርቋል!» ብዬ ጮህኩ።

«እሰይ! ስንመለስ እግራችን አይርስም!»

ያን ጊዜ መጀመሪያ እግሬ ነው የሰማው። መሬቱ ከሩቅ የሚመጣ ከባድ መኪና እንዳለበት ይንቀጠቀጣል። ዱላዬ እጄ ውስጥ ዘመረ። ላይ ግን መንገድም የለም፣ መኪናም የለም።

ገባሁ።

ቅጠሉን ገልጬ ብቅ ስል ጮኹ። ልብሳቸውን ወደ ታች ጎተቱ። አሮጊቷ መፋቂያዋን አንስታ «ውጣ! ውጣ ብያለሁ! የመሳላውን ቡላ ውሃ ልታደርገው ነው?» አለችኝ። ቀልደኛዋ እንኳን ቀልዷ ጠፋ፤ ያበድኩ መሰላት።

«ላይ ግጦሹ ተሰንጥቋል» አልኩ። «ከሐምሌ ጀምሮ አውቃለሁ። እኔ ነኝ የደበቅሁት። ወንዙ ከላይ ተገድቦ ነው የደረቀው። ሊፈርስ ነው። ተነሱ።»

ሚስቴ ፊቴን አየችው። አብረን ስንኖር እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

«ከሐምሌ?» አለችኝ።

«ከሐምሌ።»

መፋቂያዋን ሳንቃው ላይ አስቀመጠች። አልወረወረችውም፣ አስቀመጠችው። «ሴቶች፣ ተነሱ» አለች። በኔ ቃል አልነበረም የተነሱት፤ በእሷ ቃል ነው።

ሁለቱ ልጆች እንደ ልማዳቸው ወደ ታች በወንዙ መንገድ ሮጡ፤ ቤታቸው በዚያ ነው። ዱላዬን አጋድሜ ዘጋሁባቸው። «ወደ ጎን! ዳገቱን! ወደ ጸሎት ቤቱ!» ጎትቼ አዞርኳቸው። አሮጊቷ ጉልበቷ እምቢ አላት። በአንድ በኩል ቀልደኛዋ፣ በአንድ በኩል እኔ ብብቷ ሥር ገባን። ሚስቴ ከኋላ ትገፋታለች። ዳገቱ ያዳልጣል። ሁለት ርምጃ እንወጣለን፣ አንድ እንመለሳለን። አሮጊቷ ጌታን ትጠራለች፤ በመሃሉ ደግሞ እኔን ትሰድባለች።

«ተዉኝና ሂዱ» አለች።

«እማማ፣ ከተውንሽ ማን ይሰድበዋል?» አለቻት ቀልደኛዋ።

ዳገቱን አጋምሰን ሳለ መጀመሪያ ነፋስ መጣ። ቀዝቃዛ፣ አፈር አፈር የሚል። ቀጥሎ ድምፁ። ጎርፍ ያጓራል፤ ይሄ አያጓራም፣ ያደቃል። ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ሲፋጭ ነው። ዞር ብዬ አየሁ። ከወንዙ ማጠፊያ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ግድግዳ ወጣ። ፊቱ ላይ ውሃ የለም፤ ድንጋይና ግንድ ብቻ ነው፣ እየተንከባለለ። ከኋላው ግራጫው ይገፋል፤ በሰፊ ድስት እንደተማሰለ ገንፎ ይነፋል፣ ይተነፍሳል። አንድ ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ እንደቆመ በላዩ ሲሄድ አየሁ። እንደ ሰው ነው የሄደው።

እንሰቱን ሲደርስ አልሰበረውም፤ ዋጠው። የቆጮ ጉድጓዶቼ በዚያ ናቸው። ሳንቃው፣ ቡላው፣ ኮባው፣ ሴቶቹ የተቀመጡበት ቦታ፤ ዓይኔን ጨፍኜ እስክገልጥ የለም። ጠርዙ ከእግራችን ሥር ሁለት በሬ ተጠምዶ የሚቆምበትን ያህል ርቆ አለፈ። የጭቃ ፍንጣሪ የሚስቴን ነጠላ መታው። ቀዝቃዛ ነበር።

ከዚያ ጸጥ አለ። ታች መንገዱ ላይ የሚሄድ ግራጫ ነገር ብቻ ነው ያለው። ሴቶቹ ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ ማንም አላለቀሰም። ቆይቶ አንደኛዋ ልጅ ተነሳች። ከዳር ያለ ድንጋይ ላይ ያስቀመጠችው ልብሷ ጭቃው ሳይነካው ቀርቷል፤ ቀይ ነው፣ ይታያል። «አምጥቼው ልምጣ፣ ቅርብ ነው» አለች።

«ተቀመጪ።»

«አልፏል እኮ፣ ጋሼ!»

እጇን ያዝኩ። ልታስለቅቅ ታገለችኝ፤ የሰው ሚስት እጅ ይዤ መታገሌ ነው፣ በዚያ ቀን ያልሆነ ነውር የለም። ሚስቴ «ተቀመጪ አለሽ» አለቻት። ተቀመጠች። እየተኮራረፍን ሳለ ሁለተኛው መጣ። ይሄኛው ፈሰስ ያለ ነበር፤ ከመጀመሪያውም ፈጠነ። ድንጋዩንም ልብሱንም ወሰደ። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አየችው። ከዚያ ነው ያለቀሰችው።

ሰው አልሞተም። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አምላክን አመሰገነ፤ ጸሎት ቤት ውስጥ ቆመው ስለ እኔም ጸለዩ፤ «እግዚአብሔር ሽማግሌውን ላከ» አሉ። ደስ ብሎኝ ልቀመጥ ስል ሚስቴ ከሴቶቹ ረድፍ ተነሳች። በጉባኤ ተናግራ የማታውቅ ሴት ናት።

«የላከው እሱን ከሆነ፣ ሁለት ወር ምን ሲያደርግ ቆየ?» አለች። «ተነስና የነገርከንን ንገራቸው።»

ተነሳሁ። እበቱንም፣ ኮባውንም፣ ለልጄ የዋሸሁትንም ተናገርኩ። ስጨርስ የሚያየኝ ዓይን አልነበረም፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ይሄ ከስድብ ይከብዳል።

ፍርዱን የሰጠችው አሮጊቷ ናት። መግባቴን ይቅር አለችኝ። «መግባትህ አይደለም። ዳር ቆመህ ስትስል ነበር። እኛ እየሳቅን፣ አንተ እያወቅህ» አለች። በዚህ መሳላ ከአምስታችን እጅ አትበላም አለችኝ። ሚስቴም ከአምስቱ አንዷ ናት። ልጄ ከሆሳዕና ለበዓሉ ስትመጣ ሁሉም አሮጊቷ ቤት ተሰብስበው ነበር፤ ከላይኛው ሰፈር በተለመነ ቡላ። እኔ ከዱራሜ ሱቅ የመጣ ዳቦ በሻይ በላሁ። ልጄ እኔ ጋ መጥታ ተቀመጠች። አልተቆጣችኝም እንኳን፤ ሻይ ቀዳችልኝ።

ሚስቴ ከበዓሉ በኋላ አብራት ሆሳዕና ሄደች። አልከለከልኩም። በየሳምንቱ ትደውላለች፤ ለጎረቤት ስልክ ነው የምትደውለው። የምትጠይቀኝ ስለ ጤናዬ አይደለም። «ስንጥቁስ?» ትለኛለች። እውነቱን እነግራታለሁ።

እውነቱ ይሄ ነው። የወረደው ግማሹ ነው። ስንጥቁ ወንዙን ተሻግሮ በማዶው ዳገት ይቀጥላል፤ እዚያ ያለው ገና አልተንቀሳቀሰም። ከሥሩ ሦስት ቤት አለ። የወረዳ ሰዎች መጥተው አይተዋል፤ ቦታ ይፈለጋል ብለዋል፤ ገና ነው። ከሦስቱ አንዱ የቀልደኛዋ ነው። «ጋሼ፣ የት ልሂድ? እንሰቴን በጀርባዬ አዝዬ?» ትለኛለች። እኔም ይህንኑ ነበር የምለው። ጭቃው አሁን ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ጠንክሯል፤ አንዳንዱ ሰው በላዩ እንሰት መትከል ጀምሯል። አፈሩ ጥሩ ነው ይላሉ። ጥሩ ነው በእርግጥ።

የበልግ ዝናብ ጀምሯል። ሆሳዕና ሄጄ ሚስቴ ጋ መቀመጥ እችል ነበር፤ እሷም አንድ ቀን «ና» ብላኛለች። ሦስቱ ቤት ሰው ሳይወጣ አልሄድም አልኳት። «እልኸኛ» አለችኝ፤ ግን አልዘጋችውም ስልኩን። አሁን በየጠዋቱ ተሻግሬ ወጥቼ አያለሁ፤ ከዚያ በየደጃፉ እየቆምኩ ያየሁትን እናገራለሁ። ሴቶች እንሰት ሲፍቁም ቢሆን፣ ሳላስል እገባለሁ። መጀመሪያ ይሰድቡኝ ነበር። አሁን ሳንቃቸውን ትተው ያዳምጣሉ።

ይህን ስጽፍ ከሀደሮ ከተማ በኩል ጥቁር ዳመና መጥቷል። ቀለሙን አልወደድኩትም። እዚህ ላይ ላቁም፤ ሄጄ ልንገራቸው።